የአሞራ ገደሉ መረብ ሠሪና ሦስቱ የላክሮስ ራሶች

ሐምሌ መግቢያ ላይ የእህቴ ልጆች ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ሴቷ 16 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 13። ከሻንጣቸው ጋር በፕላስተር አንድ ላይ የታሰሩ ሦስት ዱላዎች ይዘዋል። የዱላዎቹ ጫፍ ላይ መረብ አለ። ከኤርፖርት ያመጣን ሾፌር አየት አደረገና «ለሐይቁ ነው?» አለኝ። ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡ መስሎታል። አይደለም ብዬው አለፍኩ። በሳምንቱ ግን እነዚያን ዱላዎች ተሸክሜ ወደ ሐይቁ የወረድኩት እኔው ነኝ።

ሐዋሳ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። ላክሮስን ግን በቴሌቪዥን እንኳ በወጉ አይቼው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ስወረውር፣ ስፈታ፣ ሳስር ከረምኩ። ይህን የምጽፈው ሦስቱን ዱላዎች ላወዳድርላችሁ ነው። አንድ ባለሙያም በደንብ ላመሰግን እፈልጋለሁ። ዘመድ ከአሜሪካ «ምን ላምጣ?» ሲላችሁ ይህን ዕቃ ለልጆቻችሁ ልታስመጡ የምታስቡ ካላችሁ፣ ብሩ የት መዋል እንዳለበት አሁን በደንብ አውቃለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳሷ ድፍን ላስቲክ ናት። ክብደቷ 145 ግራም አካባቢ ነው። ከቴኒስ ኳስ ትንሽ ታንሳለች፤ ስትመታ ግን ታማለች። ተጫዋቹ በዱላው ጫፍ ባለው መረብ ኳሷን ይቀልባል፣ ይዟት ይሮጣል፣ ያቀብላል፣ ጎል ያገባል። ጎሉ ቁመቱም ስፋቱም 1 ሜትር ከ83 ነው። የሰፈራችን ልጆች ገና ከመጀመሪያው ቀን «የአሜሪካ ገና» ብለው ስም አወጡለት። ዱላና ኳስ ስላዩ አልተሳሳቱም። በኛ ገና ግን እሩሯን መሬት ለመሬት እየመታን ነው የምንነዳት። እዚህ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ጨዋታው ያለው መያዝና መልቀቅ ላይ ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጨዋታው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። ከነሱ መካከል ሃውደኖሹኒ የተባሉት ዛሬም በራሳቸው ባንዲራ በዓለም ሻምፒዮና ይጫወታሉ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 የግዛቷ የቡድን ስፖርት ብላ በሕግ አጽድቃዋለች። የእህቴ ልጆች እዚያ እያደጉ ሳይነካኩት ቢቀሩ ነበር የሚገርመኝ። ከአፍሪካ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ሻምፒዮናው ተጫውታለች፤ ከአህጉራችን የመጀመሪያዋ ናት። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ደግሞ ላክሮስ በስድስት በስድስት ተጫዋች ይደረጋል። ስለዚህ ነገሩ ከዓለም ዳር ያለ ተራ ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። ዱላው ሁለት ክፍል አለው፤ ዘንግና ራስ። ዘንጉ የአልሙኒየም ቱቦ ነው። ራሱ ከፕላስቲክ የተሠራ ማቀፊያ ነው፤ ከዘንጉ ጋር በአንድ ብሎን ይያያዛል። የላይኛው ጠርዝ ከንፈሩ ነው፤ ኳሷን ከመሬት የሚያፍሳት እሱ ነው። ከታች የሚጠበው ጉሮሮው ነው። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። መረቡ የሚታሰረው በነሱ ነው። ኳሷ የምትቀመጥበት የመረቡ ጎድጓዳ ደግሞ ኪስ ይባላል።

የፕላስቲክ ራስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ኤስቲኤክስ የተባለ የባልቲሞር ድርጅት ነው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። ከዚያ በፊት ሂኮሪ የተባለ ጠንካራ እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሱ አጥፈው፣ በቆዳ ጠፍርና በጅማት ይወጥሩት ነበር። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ቶሎ ገባኝ። እናቴ ቤት የጠፍር አልጋ ነበረን። ሲላላ አባቴ ውኃ እያርከፈከፈ ሲወጥረው አይቻለሁ።

ሦስቱ ራሶች እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የወንዱ ልጅ የድሮ ዱላ ራስ ነው። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አፉ ክፍት ነው። እኛ «ሰፊው» እንለዋለን። በእያንዳንዱ ግድግዳ 9 ቀዳዳ ቆጥሬበታለሁ። ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ፕላስቲኩ ትንሽ ይለመጣል። መረቡ እዚህ እንደደረሱ በሦስተኛው ቀን ተቀደደ። በጣም አርጅቶ ነበር።

ሁለተኛው አዲሱ ራስ ነው። ጥቁር፣ ቀላል፣ ድርቅ ያለ። ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ጉሮሮው ቶሎ ይጠባል። በእያንዳንዱ ጎን 14 ቀዳዳ አለው። «ጠባቡ» ብለነዋል። እህቴ ከ100 ዶላር በላይ ከፍላበታለች። መረቡ ተወጥሮበት፣ ተሸፍኖ ነው የተገዛው። የማን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይገባችኋል።

ሦስተኛው የሴቷ ልጅ ነው። የሴቶች ላክሮስ ሕጉም ዕቃውም ይለያል። በቅርብ ዓመታት በሴቶችም መረብ ተፈቅዷል። የሷ ግን የድሮው ዓይነት ነው። ከከንፈሩ እስከ ጉሮሮው አራት የቆዳ ጠፍሮች ቁልቁል ይወርዳሉ። በመካከላቸው ናይለን ክር እየተሻገረ ይጎነጉናቸዋል። የመጀመሪያ አሠልጣኟ የሰጠቻት ስለሆነ ትወደዋለች። እኔም ወድጄዋለሁ።

ጠባቡን የመጀመሪያ ቀን ሞከርነው። የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ሳልኩ። ልጁ ከ10 እርምጃ 50 ጊዜ ወረወረ። ሳጥኑ ውስጥ የገባው 21 ብቻ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ወደ ግራ ሄዱ። እሱ «እጄ ነው፣ አክስቴ፣ አልለመድኩትም» ይለኛል። 19 ዓመት ልጅ አስተምሬ፣ እጅ ሲሳሳትና ዕቃ ሲሳሳት አውቃለሁ። እጅ የሚሳሳተው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው። ይሄ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው።

ራሱን ገልብጬ ቀዳዳ በቀዳዳ አየሁት። በቀኝ በኩል የጎን ክሩ፣ ማለትም መረቡን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ክር፣ ከላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ታስሯል። በግራ በኩል አራተኛው ላይ ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ልዩነቱ። ግን ኳሷ የምትንሸራተትበት ቦይ በዚያ አንዲት ቀዳዳ ምክንያት ተጣሟል። ከመቶ ዶላር በላይ የተከፈለበት ፕላስቲክ፣ በጥድፊያ በታሰረ የጥቂት ሳንቲም ክር ተበላሽቷል። በጣም ነው ያናደደኝ። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ በራሱ እጅ ሲያዝን ከርሟል።

እንግዲህ አንድ የተቀደደ፣ አንድ የተጣመመ ራስ አለኝ። ሐዋሳ ውስጥ የላክሮስ መረብ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ፒያሳ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ሁለቱ የጎል መረብ ሊሰጡኝ ፈለጉ። ሾፌሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

አሞራ ገደልን ለማያውቅ፣ የሐዋሳ የዓሣ ገበያ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ይገባሉ። ቆሮሶውና አምባዛው ይወርዳል። ልጆች እየፋቁ፣ እየበለቱ፣ ለአባ ኮዳዎቹ ይወረውራሉ። ቱሪስቱም የኛም ሰው የሚሄደው ለዚህና ለዓሣ ሾርባው ነው። ከጀልባዎቹ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር፣ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች መኖራቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ከነሱ አንዱ ጋ ነው የሄድኩት። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ጋሼ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል።

ሰፊውን ራስ ተቀብለው አገላበጡት። በጥፍራቸው ቀዳዳዎቹን ዳሰሱ።

«ምንድን ነው የሚይዘው?»

«ኳስ ነው፣ ጋሼ።»

«ከያዘ በኋላስ?»

«ይለቃል።»

ዝም አሉ። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ የምንሠራው የያዘውን እንዳይለቅ ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቃሉን አሳልፌዋለሁ። «ይሞክሩልኝ» ብዬ ራሱንና የተቀደደውን መረብ ትቼላቸው ሄድኩ። ኳሷን አልተውኩላቸውም። ልጆቹ እየተጫወቱባት ነበር። ስህተቴ እሱ ነው።

በማግስቱ ስመጣ ጨርሰዋል። ሥራው ያምራል። የመረቡ ዓይኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። አሮጌውን መረብ አይተው 10 ዓይን፣ ቀጥሎ 9፣ እንደገና 10 እያደረጉ አወረዱት። ልጁ ግን ኳሷን ኪሱ ውስጥ ሲጥላት ጠፋች። ወደ ታች ተንጠልጥላ ቀረች። በወንዶች ሕግ ራሱን አግድም ይዘህ በዓይንህ ትክክል ስታየው፣ የኳሷ አናት ከግድግዳው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም። ዳኛ እንዲህ ነው የሚለካው። የኛዋ ከጠርዙ በታች ሁለት ጣት ወርዳለች። ቢወረውራት ደግሞ ኪሱ አጥብቆ ይዟት ዘግይቶ ስለሚለቃት፣ ገና ከፊቱ መሬት ላይ ትወድቃለች። ከ50ው 17 ብቻ ነው የገባለት።

ተመልሰን ሄድን። ልጆቹም አብረውኝ መጡ። ጋሼ አልተከፉም። «ዓሣ ይዣለሁ ማለት ነው» አሉና ኳሷን ጠየቁ። እጃቸው ላይ መዘኗት። ወደ ላይ ወርወር አድርገው ቀለቧት። ከዚያ ልጁን «አባዬ፣ እስቲ አንዴ ወርውርልኝ» አሉት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥር ጊዜ አስወረወሩት። እጁን አላዩም። መረቡን ነው ያዩት። ኳሷ ከየት ተነስታ፣ በየት በኩል ወደ ከንፈሩ እንደምትወጣ በጣታቸው አየር ላይ መስመር እየሳሉ ተከተሏት። ከዚያ ትናንት የሠሩትን ሁሉ በምላጭ ቆረጡት። አንጀቴን በላው። የአንድ ቀን ልፋት ነበር።

ቀጥሎ ያየሁትን በዝርዝር ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ይህን ሥራ በቅርብ የሚያይ ሰው ጥቂት ነውና።

ጋሼ መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ጠንካራ ነጭ ናይለን ክር መርጠው በእንጨት መርፌያቸው ላይ ጠመጠሙት። መርፌው እንደኛ የልብስ መርፌ አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፤ መካከሉ ላይ ምላስ አለው። ክሩ በምላሱ ዙሪያ ይጠቀለላል። የመነሻዋን ቀለበት በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ አጠለቋት። ስለዚህ የሚወጥሩት በእግራቸው ነው። በግራ እጃቸው ሁለት ጣት የምትሰፋ ለስላሳ የእንጨት ቁራጭ ያዙ። እያንዳንዱ ዓይን በእሷ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚታሰረው። ዓይኖቹ እኩል የሚሆኑት ለዚህ ነው። መርፌው ከታች ገባ፣ በላይ ዞረ፣ ትንሿ ጣት ቋጠሮውን ያዘች፣ ጠበቀ። ሚስማር ቢከቱበት የማይንሸራተት ቋጠሮ ነው። በሲዳሙ አፎ ይቆጥራሉ። «ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ...» ልጅቷ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

መረቡን ሠርቶ መጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዋናው ጥበብ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። መረቡን ከራሱ ጋር ማሰር። የላይኛውን ረድፍ ከከንፈሩ ጋር በጣም አጥብቀው አሰሩት፤ እዚያ ላይ ልል መሆን የለበትም። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ወረዱ። ምስጢሩ እዚህ ነው። በሁለት ቀዳዳ መካከል ብዙ የመረብ ዓይን ካጨቅህ፣ መረቡ እዚያ ቦታ ላይ ይላላል፤ ኪሱ እዚያ ይሆናል። ጥቂት ዓይን ብቻ ካሰርህ ደግሞ ይወጠራል። ስለዚህ ኪሱን ከፍ ማድረግም፣ ዝቅ ማድረግም፣ መሐል ላይ ማስቀመጥም የሚቻለው ዓይንና ቀዳዳ በማመጣጠን ነው። ጋሼ ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ኳሷ ስትወጣ አይተው ነው ያወቁት። ልጁ ኪሱን መሐል ላይ ፈለገው፤ መሐል ላይ አደረጉለት። በአንድ በኩል አንድ ቋጠሮ ሲያስሩ ወዲያው ዞረው በሌላው በኩል ያንኑ ያስራሉ። ቀኙን ጨርሰው ወደ ግራ አይሄዱም። ያ ጠባቡን ያሰረው ሰው ቢያንስ ይህችን ቢያደርግ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በየሁለት ቋጠሮው ኳሷን ጣል ያደርጋሉ። ያንከባልሏታል። ያደምጣሉ። አዎ፣ ያደምጣሉ። ኳሷ ቋጠሮ ስትነካ ጠቅ ትላለች። ያ ድምፅ ከመጣ ያንን ቋጠሮ ወደ ጎን ገፋ ያደርጉታል። ሲጨርሱ ኳሷ ከኪሱ እስከ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ወጣች።

በመጨረሻ የመወርወሪያ ክሮቹ ቀሩ። እነዚህ ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ መረቡን አግድም የሚያቋርጡ ወፍራም ክሮች ናቸው። ኳሷ ስትወጣ በነሱ ላይ ተንሸራታ ነው የምትለቀቀው። ሲጠብቁ ኳሷን ይዘው ወደ ታች ይደፏታል፤ ሲላሉ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ልጁ ሦስት አስደረገ። በአሜሪካ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከከንፈሩ ከ4 ኢንች በታች እንዲወርዱ አይፈቀድም፤ እሱም ከወዲሁ መልመድ ይፈልጋል። ክሩን ከጫማ ማሰሪያ ነው የሠራነው። ከዚያ ጋሼ የታችኛውን ማሰሪያ ሳቡት፤ ኪሱ ከፍ አለ። ለካነው። የኳሷ አናት ከግድግዳው የታች ጠርዝ በላይ ቆመች። ራሱን ሲገለብጡት ኳሷ ሳትያዝ ወደቀች። ይህም ሕግ ነው።

ጋሼ ኳሷን ከመሬት አነሷትና «እንግዲህ ይዞ የሚለቅ መረብ ይሄ ነው» አሉ።

ግድግዳው ላይ ስንመለስ በመጀመሪያው ቀን 28 ገባ። አዲስ መረብ ሁልጊዜ ድርቅ ይላል። ማታ ማታ ኳሷን ኪሱ ውስጥ አስረን አሳደርናት። በቡጢም እየደቃን አለሰለስነው። በሳምንቱ 36 ደረሰ።

ጠባቡን የዚያኑ ሳምንት ወሰድንላቸው። መረቡ ጥሩ ስለነበር አልቀየሩትም። የዘመኑ መረብ ውኃ የማይጠጣ ክር ነው፤ እሱን መጣል ግፍ ነው። ፈትተው እንደገና አሰሩት። 40 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀባቸው። 14 ቀዳዳ ሲያዩ ደስ አላቸው። «እዚህ ላይ ምርጫ አለኝ» አሉ። እውነትም ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ኪሱን በትክክል የፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ሲያልቅ ከ50ው 38 ገባ። ወደ ግራ መሄዱ ቆመ። ልጁ ዞሮ አየኝ። እጁ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው ያመነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጠባቡ 38፣ ሰፊው 36። አንዱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ሌላው የተጣለ ዕቃ ሊሆን ጥቂት የቀረው የድሮ ፕላስቲክ ነው፤ መረቡን የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰው በእጁ ሠራው። በሁለት ኳስ ነው የሚለያዩት። ያው ጠባቡ ራሱ ሳይታረም 21 ነበር፤ ታርሞ 38 ሆነ። በፕላስቲኩ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት፣ በአስተሳሰሩ መካከል ያለው ልዩነት 17። እኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ጠባቡ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ቀላል ነው። ጠንካራ ስለሆነ መሬት ላይ ያለችን ኳስ ሁለት ልጆች ሲሻሙ አይለመጥም። ሲሮጡም ኳሷን ይዞ ይቆያል። ሰፊው ግን ለመቅለብ ይቀላል። አፉ ክፍት ነው። የኔ ተማሪዎች በሁለተኛው ቀን መቅለብ የጀመሩት በሰፊው ነው። በጠባቡ አንድ ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ለጀማሪ ሰፊው ይሻላል፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ወይም በር የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉ። ፕላስቲኩ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ቅርጹ ይለወጣል።

የልጅቷ ራስ ሌላ ታሪክ ነው። በሴቶች ሕግ የኳሷ አናት ከግድግዳው የላይኛው ጠርዝ በላይ መታየት አለበት። ከወንዶቹ ጋር ስታስተያዩት ኪሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሴቶቹ ኳሷን ይዘው የሚሮጡት በኪሱ ጥልቀት አይደለም፤ ዱላውን ከጆሯቸው አጠገብ ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ነው። በዚህ ምክንያት የሴቶቹ አስተሳሰር ከሁሉም ይከብዳል። ግማሽ ጣት ከላላ ሕግ ተጣሰ።

የሷ ጠፍሮች ሁለቱ ተሰነጣጥቀው ነበር። ጋሼ ቆዳ የሳቸው ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ነገሩን። ይህንም አከብርላቸዋለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ጫማ ሠሪ ጋ ሄድን። መጀመሪያ ከበግ ቆዳ ቆረጠልን። በሦስት ቀን ተለጥጦ እንደ ሊጥ ሆነ። ሁለተኛ ከበሬ ቆዳ፣ ከጥቅጥቁ በኩል ቆረጠ። እኔ ደግሞ አባቴን አስታውሼ ከመታሰሩ በፊት አርጥቤ፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት ሌሊቱን ለጠጥኩት። ያ ነው የያዘው። አራቱን ጠፍሮች ልጅቷ ራሷ ናት ያሰረቻቸው። ከታች ትርፋቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሲላላ በዚያ ሳብ ይደረጋል። ከ50ው 33 አስገባች።

ነሐሴ 5 ቀን ጉዱማሌ ሜዳ ላይ እየተጫወትን ዝናብ ወረደብን። የሐዋሳ የክረምት ዝናብ አይለምንም። ቤት ገብተን ስንለካው ጠፍሮቹ ጠጥተው ተለጥጠዋል፤ የኳሷ አናት ከግድግዳው በታች ሰጥማለች። ጨዋታ ላይ ብትሆን ዱላዋ ከሜዳ ይወጣ ነበር። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ሁለት ቀን አደረቅነው። እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ቢሆን እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። ከዚያ እንደገና ተሳበ። የጋሼ ናይለን መረብ በዚያው ዝናብ አንዲት ዓይን አልላላም። ስለዚህ ለክረምት፣ ለትምህርት ቤት፣ በየቀኑ ለሚያገለግል ዕቃ መረብ ይሻላል። ጠፍሩ ግን ኳሷ ስትነካው የሚሰጠው ስሜት ለስላሳ ነው፤ ዱላው ከእጅ ጋር ይናገራል። ልጅቷ አልቀይርም ብላለች። እኔም አልቀይርም ነበር።

ለዘመድ የምታዙ ከሆነ እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። ውዱን ራስ አትለምኑ። ሰፊ፣ ለጀማሪ የተሠራ፣ ያልተወጠረ ባዶ ራስ አስመጡ። ባዶ ራስ ይረክሳል፤ ሻንጣም ውስጥ ቦታ አይወስድም። በእያንዳንዱ ጎን ከ9 የማያንስ ቀዳዳ ይኑረው። ኳስ አብዝታችሁ አስመጡ፤ እዚህ አይገኝም። ዘንጉን እኔ ከዋንዛ እንጨት ለተማሪዎቼ አስጠርቤያለሁ፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይሠራል። መረቡን ለጋሼ ተዉላቸው።

ዋጋቸው ይህ ነበር። አዲስ መረብ ሠርቶ ለማሰር 350 ብር። ያለውን ፈትቶ ለማሰር 150 ብር። ክሩን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ 120 ብር። መጀመሪያ የተበላሸውን አላስከፈሉኝም። ልክፈል ብል «ያ የኔ ትምህርት ነው» አሉ። ጫማ ሠሪው ለአራት ጠፍር 200 ወሰደ፤ ለበጉ ቆዳም ለየብቻው አስከፍሏል። ያ አልተመቸኝም።

ልጆቹ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሄዱ። ሰፊው እኔ ጋ ቀርቷል። መስከረም ላይ ልጁ በስልክ ደወለ። አሠልጣኙ የሁሉንም ዱላ በዓይን ትክክል እየያዘ ሲለካ፣ የሱን አገላብጦ አይቶ «ማን ነው ያሰረው?» ብሎታል። ጓደኞቹ ሁለት ራስ በሰው ሊልኩ ነው።

ጋሼን የምትፈልጓቸው ከሆነ ጠዋት አትሂዱ። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ከጀልባ የወረደ መረብ ነው የሚያዩት፤ ቀና አይሉላችሁም። ከምሳ በኋላ ሂዱ። ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚወረውረውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ኳሷንም አትርሱ። አሁን ያለ ኳስ አይጀምሩም።